የእትዬ ደሳለች ብርዝ እንዴት ቀጠነ

ሐሙስ ዕለት አዲሱ ገበያ ታክሲ ስጠብቅ ጎረቤቴን እትዬ ደሳለችን አየኋቸው። ባዶ ባልዲ ይዘው ከአንዱ ማር ሻጭ ወደ ሌላው ይባክናሉ።

“ምነው እትዬ፣ በሰላም ነው?”

“ምን ሰላም አለ አቶ እንድርያስ! የኢየሩ ሠርግ ከነገ ወዲያ ነው፤ ቤት ያለኝ ማር አሥር ጣሳ ብቻ። ሃያ ሰባት ይጎድለኛል!”

ሠላሳ ሰባት ጣሳ ማር! እኔ ጡረታ የወጣሁ የሥነ ዜጋ መምህር እንጂ ንብ አርቢ አይደለሁም፤ ሆኖም ነገሩ ከነከነኝና ባልዲውን ተቀብዬ እስከ ቀጨኔ አብሬያቸው ወጣሁ። ኢየሩ እናቷ ከሞተች ወዲህ በእጃቸው ያደገች የእህታቸው ልጅ ናት። በቤተ ክርስቲያናቸው ጠጅ ስለማይጠጣ የሠርጉን ብርዝ እኔ እጥላለሁ ብለው ቃል ገብተውላታል። ይህ ቢበላሽ እትዬ ደሳለች ዳግመኛ ሰው ፊት የሚቆሙ አይመስለኝም።

ሙሽራዋ ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ በር ላይ ተቀበለችን፤ የጎደለውን ማር ነገርናት።

“አክስቴ፣ ሠላሳ ሰባት ከየት መጣ?”

“ከፍርድ ነዋ! እናቴ ለአራት ጣሳ ውሃ አንድ ጣሳ ማር ነበር የምታደርገው። ለሠርግሽ አርባ ጣሳ ውሃ ያስፈልጋል። ውሃው ሠላሳ ስድስት ከተጨመረለት ማሩም ሠላሳ ስድስት ይጨመርለት! ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን መንሳት አድልዎ ነው።”

ዕድሜዬን ሙሉ እኩልነትን ያስተማርኩ ሰው በመሆኔ ላጨበጭብላቸው ምንም አልቀረኝም።

“ለጋሽ ጌቱ ልጅ ሽምግልናም እንዲሁ አድርገው አልነበር?” አለች ኢየሩ።

“አዎ! ማን ምን አለ?”

“ምን ይበሉ? ብርዙ ከጆግ አልወርድ ብሎ ሽማግሌዎቹ በማንኪያ በሉት። ዝም ያሉት አፋቸው ተጣብቆ ነው።”

እትዬ ደሳለች ፊታቸው ተለዋወጠ። እኔንም አሳዘኑኝ። ኢየሩ አጠገባቸው ተቀመጠች።

“በቀላሉ እናሰላዋለን። ማሩን ኤክስ እንበለውና...”

“ኤክስ? መምህር ስህተት ላይ የሚያደርገውን? ማሬ ላይ አይደረግም!”

“እሺ ይቅር። አርባውን ጣሳ ውሃ በየባልዲው አራት አራት ብንቀዳው ስንት ባልዲ ይሆናል?”

“አሥር።”

“ለአንዱ ባልዲ ስንት ማር?”

“አንድ ነዋ! እናቴ...”

“ለአሥሩስ?”

እትዬ በጣታቸው ቆጠሩ። ጓዳ ወዳለው ማር ዞር ብለው አዩ።

“አሥር” አሉ ቀስ ብለው። “ግን እኮ በበርሜል ነው የምጥለው።”

“አሥሩን ባልዲ በርሜሉ ውስጥ ብንገለብጠው ጣዕሙ ይለወጣል?”

“ለምን ብሎ! ታዲያ... ያለኝ ይበቃኛል ማለት ነው?”

“ይበቃዎታል። ኤክስ ያልኩትም ይኸው አሥሩ ነው። ውሃው አሥር እጥፍ ሲሆን ማሩም አሥር እጥፍ፤ ፍርዱ ይኸው ነው።”

እትዬ ደሳለች ልጅቷን ከነቢጎዲኗ አቅፈው አለቀሱ።

ቅዳሜ ብርዙ ያለ አንዳች ልመና ከጆግ ወረደ። ጋሽ ጌቱ ማንኪያ በኪሳቸው ይዘው መጥተው ነበር፤ ሳያወጡት አራት ብርጭቆ ጠጡ። በዚህ ጊዜ እኔ ተነሣሁ።

“ወገኖቼ፣ ልክን ማወቅ ምን እንደሚጠቅም አያችሁ? መጠን የሚያውቅ ሰው ወጡ አይቀጥንበትም፣ ሲሚንቶው አይፈረፈርበትም፣ ለሕፃን ልጁ የአዋቂ መድኃኒት አያጠጣም፣ ገበያ ለገበያም በከንቱ አይንከራተትም! ስለዚህም...”

“አቶ እንድርያስ” አሉ እትዬ ደሳለች፣ ጆግ እንደያዙ። “ለአንድ ቁም ነገር አራት ቃል ይበቃል እንበል። አርባ ቃል ከተናገሩ ስንት ቁም ነገር ልንሰማ ነው?”

“አሥር!” አልኩ ኮራ ብዬ።

“እኔ የሰማሁት አንድ ነው። ውሃ በዝቶበታል” ብለው ብርጭቆዬን ሞሉልኝ።

ከሁሉ በላይ የሳቀችው ሙሽራዋ ናት። እኔም ቁጭ ብዬ ጠጣሁ፤ ማሩ በልኩ ነበር።