ለሺዮሪ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ

መምህርት ፉሚዬ በጀርመኗ ዱሰልዶርፍ ከተማ ካለው የጃፓን ሸቀጥ መደብር ሩዝ ልትገዛ ተሰልፋ ሳለ፣ ከፊቷ የቆመው ሰው ዞር ቢል አቶ ሰኪጉቺ ሆኖ አገኘችው። ልጁን በቅዳሜው የጃፓንኛ ትምህርት ቤት እንዲያስመዘግብ ስትወተውተው ስድስት ዓመት ሆናት፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

«እንደምን ሰነበቱ፣ አቶ ሰኪጉቺ? ምዝገባው ዛሬ ያበቃል።»

«መምህርት፣ ደግሞ ጀመሩኝ! በሚመጣው ዓመት ኩባንያው አገር ቤት ይመልሰኛል። ልጄ እዚያ ስትገባ ቋንቋውን ትለምደዋለች።»

«አምናም ካቻምናም ይህንኑ ነበር ያሉኝ። መጀመሪያ ስጠይቅዎት ሺዮሪ አራት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አሥር ሞላት እኮ!»

«ታዲያ ምን ጎደለባት? ከጀርመኖቹ ልጆች መሀል አንደኛ ትወጣለች። ቅዳሜ እንኳ ትረፍ እንጂ። ደሟ እንደሆነ ጃፓናዊ ነው።»

«ደም ፊደል አያስቆጥርም!» አለች ፉሚዬ ብግን ብላ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።»

ለሥራ ወደ ውጭ የተላከ ወላጅ ሻንጣውን ሳይፈታ ዓመት ይቆጥራል። ልጅ ግን አባቷ አገሩ እስኪገባ ብላ ማደጓን አታቆምም። ይህን ለመረዳት ምን ያህል መማር እንደሚያስፈልግ ፉሚዬ ግራ ገብቷታል።

«ኧረ ይተዉኝ! እናቴ ከጃፓን የምትልክላትን ደብዳቤ እኔ አነብላታለሁ፤ መልሱንም እየነገረችኝ እጽፋለሁ። ይኸው፣ የዛሬው!» ከኪሱ ያወጣውን ፖስታ ቀደደና እዚያው ሰልፍ ላይ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ሺዮሪዬ፣ አባትሽ ጎበዝ አንባቢ ሆናለች ስላለኝ ይህን ለአንቺ ብቻ ጻፍኩልሽ። ዓይኔ እየደከመ ነው። ሐኪሙ ከዚህ ዓመት ወዲያ ማንበብ አትችዪም ብሎኛል። ሥራው ላይ እንዳለ ሐሳብ እንዳይገባው ለአባትሽ እንዳትነግሪው። ከዚያ በፊት ግን በገዛ እጅሽ የጻፍሽልኝን አንድ ደብዳቤ…»

ሰኪጉቺ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። ፉሚዬ አዘነችለት፤ ንዴቷ ግን አልለቀቃትም።

«እናቴን ዋሽቻታለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ሺዮሪ አሁን ብትጀምር ትደርሳለች?»

«ትደርሳለች። አያቷ ጀማሪ ልጆች በሚማሩት ቀላል ፊደል ነው የጻፉላት፤ በጥቂት ወራት ታነበዋለች፣ መልሱንም ራሷ ትጽፋለች። ጀርመንኛዋ የትም አይሄድባትም። አገር ብትገቡ ከእኩዮቿ መሀል ዲዳ ሆና አትቀመጥም፤ ባትገቡም ከአያቷ ጋር ያለ አስተርጓሚ ትጨዋወታለች።»

«ዛሬ ቤት ስገባ ደብዳቤው ምን ይላል ብላ ብትጠይቀኝስ?»

«ያንቺ ነው ብለው ይስጧት። ቅዳሜ ይዛው ትምጣ።»

ሰኪጉቺ ደብዳቤውን አጥፎ ፖስታው ውስጥ መለሰው። ተራው ደርሶ ሻጯ ብትጠራውም ሩዙን ሳይገዛ ወጥቶ ወደ መመዝገቢያው ቢሮ ሮጠ።