ተገፍቶ የሚነሳ መኪና

ጦር ኃይሎች ላይ ሞተሩ የጠፋውን ውይይት ታክሲ ገፍተን አስነሳንና ተመልሰን ገባን። አንድ መኪና ወዳድ ጎረምሳ፣ ለመግፋት ሳይወርዱ ከቀሩት ሽማግሌ ፊት ለፊት ተቀምጦ ወሬ ጀመረ።

«የድሮ መኪና ጥሩነቱ ይሄ ነው፣ ጋሼ። ገፋ ሲያደርጉት ይነሳል።»

«ይነሳል።»

«አሁን የሚመጡት አውቶማቲኮች ባትሪያቸው ከሞተ አለቀ። ቀኑን ሙሉ ቢገፏቸው አይነሱም። ይሄ ምኑ መኪና ነው?»

«መኪናስ እሱ ነው።»

«እንዴ! አለመነሳቱ ነው ጥሩነቱ?»

«አዎ፣ አለመነሳቱ። በዚያ በግርግሩ ሰሞን፣ ጠዋት፣ ሸራ የለበሰች ጂፕ ደጃፌ ላይ አልነሳ አለች። አብዮት ጠባቂዎቹ ግፉ አሉን። ባይሉንም እንገፋ ነበር፤ መኪና የቆመበትን ሰው እያየ ማን ዝም ብሎ ያልፋል? እኔ ከኋላ ሆኜ በትከሻዬ ገፋሁ።»

«ተነሳች?»

«ወዲያው ነው የተነሳችው። ልጄ ሸራው ውስጥ እንደነበር የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ነው።»

ጎረምሳው ተሳፋሪዎቹን አየት አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ተመለሰ?»

«አንተ ልጅ፣ የምናወራው ስለ መኪና ነው።»

ታክሲውን ስገፋ መዳፌ ላይ የቀረውን አቧራ ቀስ ብዬ ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት።