እናኑ በጸበል ፈተነችኝ

ስንፋታ የሰባት ዓመት ልጄን እናኑን ፍርድ ቤቱ ለእናቷ ፈረደላት። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩ ሰው ሕግ እየጠቀስኩ ብከራከር የሰማኝ አልነበረም፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳያት ተፈቀደልኝ፤ እናኑ ግን ባየችኝ ቁጥር ትሸሻለች። ከምኖርበት ከወገዳ እነሱ ወዳሉበት መካነ ኢየሱስ ከተማ በዚያ ጎርበጥባጣ መንገድ ስንገጫገጭ መጥቼ ጀርባዋን ብቻ አይቼ የተመለስኩባቸው ቅዳሜዎች ብዙ ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ የንስሐ አባታችን መምሬ፣ "ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ና፤ እኔም አለሁ" አሉኝ። ሄድኩ። እናኑ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ከመምሬ ጀርባ ብቅ አለች። ልስማት ጎንበስ ስል ጸበሉን ፊቴ ላይ ቸለሰችብኝ! ቅዝቃዜው በአንገቴ ወረደ። እሷ ዐይኗን አፍጥጣ ትጠብቃለች።

"መምሬ፣ አልጮኸም እኮ!"

"ለምን ይጮኻል ልጄ?"

"አያቴ ሰይጣን ሰፍሮበታል ብላኛለች። ሰይጣን ያለበት ጸበል ሲነካው ይጮኻላ።"

መምሬ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ "እንግዲህ ይኸው፣ ዝም አለ" አሏት።

ቀረብ ብላ ደግማ ረጨችኝ፤ ልታረጋግጥ ነው። አሁንም ዝም አልኩ። ያን ጊዜ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ቂሜ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም፤ እንደ ሕፃን ሳቅሁ።

እናኑ ግን ሥራዋን አልጨረሰችም። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ አየችው።

"አባዬ፣ የቀረውን ለአያቴ ልውሰድላት። ስምህ ሲጠራ የምትጮኸው እሷ ናት።"