የወይዘሮ ዋጋነሽ ጓሮና ፍልፈሉ

ወይዘሮ ዋጋነሽ ሳንሱሲ ውስጥ ከወንዙ አፋፍ ላይ ቤት ከሠሩ ወዲህ እንደ ዘንድሮው ክረምት ተጨንቀው አያውቁም። አፋፉ በዘነበ ቁጥር እየተናደ ማድ ቤታቸው ጥግ ደርሷል። ጥፋተኛው ደግሞ ጓሯቸውን በአፈር ቁልል የሞላው ፍልፈል ነው ብለው ቆርጠዋል። አንድ ቅዳሜ የውኃውን ጎማ የፍልፈሉ ጉድጓድ ውስጥ ሰክተው ቆመው ሳለ፣ የጎረቤታቸው የአቶ ሀምዱ ልጅ አልፊያ ከፌርማታ ስትመለስ በአጥሩ በኩል አየቻቸውና ገባች። አልፊያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ አፈርና ውኃ አያያዝ የምትማር ጨዋ ልጅ ናት።

«እንደምን ዋሉ እማማ? ምን እያጠጡ ነው?»

«ይመስገን ልጄ። ፍልፈሉን በውኃ ላስወጣው ነው። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ውኃውን ቢዘጉት ይሻላል። ጉድጓዱ እስከ አፋፉ ከዘለቀ፣ ይኼ ውኃ መሬቱን ከውስጥ ይቦረቡረዋል።»

ወይዘሮ ዋጋነሽ ቅር አላቸው። ትናንት ያዘሏት ልጅ ዛሬ በገዛ ጓሯቸው ልታስተምራቸው መጣች።

«ታዲያ ፍልፈሉ ጻድቅ ነው ነው የምትዪኝ?»

«ጻድቅስ አይደለም። ቆፍሮ ያወጣውን ልል አፈር ጎርፍ በቀላሉ ይወስደዋል። ሣር ባለበት ግን ሥሩ አፈሩን ይይዘዋል፣ በጉድጓዱም ውኃው ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይሰርጋል። የእርስዎ ጓሮ ራቁቱን ነው።»

«እኔ ደጄ አረም በቅሎበት አያውቅም። ሰው ምን ይለኛል?»

ወዲያው ከአፋፉ በታች አንድ ነገር ዷ ብሎ ወደቀ። ሄደው ቁልቁል ሲያዩ፣ ልክ ከማድ ቤቱ ሥር ውኃው የአፋፉን ሆድ ቀዶ እንደ አተላ ደፍርሶ ይወርዳል። ወይዘሮ ዋጋነሽ ተመልሰው ቧንቧውን ራሳቸው ዘጉት።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ እንመልሰው። አፋፉ ላይ ያሉትን ጉድጓዶች በጭቃ ጠቅጥቀን ሣር እንትከልበት።»

«ፍልፈሉ ሥሩን ቢበላብኝስ?»

«ይበላል እማማ። ሣሩ ግን ቶሎ ስለሚበቅል ይቀድመዋል።»

ሰው ከአባቱ የወረሰውን መተው ይከብደዋል፤ ዓይኑ ያየውን ግን አይክድም። በማግሥቱ አቶ ሀምዱ አካፋ ይዘው መጡ፣ ቦዩም ተቆፈረ፣ ሣሩም ተተከለ።

በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ሲበረታ አፋፉ አልተናደም። ከሣሩም ታጭዶ ለአቶ ሀምዱ በጎች ተረፈ። ይህን ያዩት ከወንዙ ማዶ አፋፍ ላይ የሚኖሩት አቶ ሀብተሥላሴ የሣር ሥር ሊለምኑ መጡ። ወይዘሮ ዋጋነሽ ነቅለው እያስታቀፏቸው፣

«ደጅ መጥረግ ንጽሕና ነው አቶ ሀብተሥላሴ፤ የገደል አፋፍን መላጨት ግን ቤትን በገዛ እጅ ማፍረስ ነው። ዛሬውኑ ይትከሉት፣ ደመናው ከብዷል» አሏቸው።