የደከመው ባትሪ

በጃንሆይ ዘመን ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በሚሄድ አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ፣ አጠገባቸው የተቀመጠውን ጥቁር የለበሰ ሰው ያነጋግሩታል።

«ማን ሞቶብህ ነው፣ ልጄ?»

«ባለቤቴ። ምጥ ይዟት በፒክአፔ ወደ ሐኪም ቤት ስወስዳት፣ መንገድ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ባትሪው አላስነሳ አለኝ።»

«ድንገት?»

«ኧረ ከደከመ ቆይቷል። ውሃ ብጨምርበት ወዲያው ያልቃል፤ መብራቱም ፈዝዞ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰው እያስገፋሁ ነበር የማስነሳው።»

«ታዲያ ለምን አልቀየርከውም?»

«ሲገፉት ይነሳ ነበራ፣ አባባ።»

«ያን ለታስ የሚገፋ ሰው ጠፋ?»

«ሁለታችን ብቻ ነበርን። ‹አንተ መሪውን ያዝ፣ እኔ ልግፋ› አለችኝ።»

«ያ ረቢ! አንተስ?»

«መሪውን ያዝኩ።»

የምወርድበት መንደር ስንደርስ፣ ዓይኔ ሰውየው ላይ እንደተተከለ አውቶቡሱን ሳላስቆም አለፍኩ።