የውሃ ፓምፑና ቀጠሮው

በጃንሆይ ጊዜ ከፎንቆ ወደ ሆሳዕና ስንሄድ የመኪናዋ ውሃ ፓምፕ አፍስሶ ሞተሩ ጋለ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ገበሬ ነበር፤ ሌላው፣ ገበሬው መሬቴን ነጠቁኝ ብሎ የከሰሳቸው ባለርስት።

«ፓምፑ ካልተቀየረ አንደርስም» አለ ሾፌሩ።

«እንግዲያ ተመለስ» አሉት ባለርስቱ።

«ዛሬ ፍርድ ቤት ካልቀረብኩ መዝገቡ ይዘጋል» አለ ገበሬው። «እርስዎም የሚፈልጉት ይኼንኑ ነው።»

«አፍህን ያዝ።»

«አፌ የራሴ ነው ጌታዬ። ሾፌር፣ በየት ነው የሚያፈሰው?»

«በዘንጉ ዙሪያ። ማሸጊያው አልቋል።»

«የእንሰት ቃጫ ይዣለሁ። በቅቤ አሽቼ እጠቀጥቅበታለሁ፤ ሆሳዕና ያደርሰናል።»

ባለርስቱ ሁላችንንም አዩን። «ለዚህ ሰው ቅቤ የሚሰጥ ከኔ ጋር ተጣላ ማለት ነው።»

«ቅቤ ባጣም በእግሬ እገባለሁ» አለ ገበሬው።

ለገበያ የያዝኩትን ቅቤ ጭኔ ላይ አድርጌ ኮባውን መፍታት ጀመርኩ።