ለፈቃድ የመጣችው ዱሬቲ

በግንቦት ወር አዳማ ላይ በስምንት ሰዓት ከቤቱ የሚወጣ ሰው ወይ ባለጉዳይ ነው ወይ ጡረተኛ። እኔ ጡረተኛው ነኝ። ፖስታ ቤት አካባቢ ጥላ ጥላውን ይዤ ስሄድ ኦቦ ጀቤሳ ከአንድ የአውሮፕላን ቲኬት መሸጫ ሲወጡ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ኦቦ ጀቤሳ የሰፈሬ ሰው፣ የእድራችን ምክትል ሊቀመንበር ናቸው። መልካሳ አጠገብ ሲያርሱ ኖረው ልጆቻቸውን ለማስተማር ብለው ከተማ የገቡ፣ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ ናቸው። ያን ዕለት ግን እኔን ሲያዩ ክው አሉ።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ጀቤሳ! ወዴት ሊበሩ ነው?» አልኳቸው።

«እኔማ ወዴት እበራለሁ መምህር ንዋይ። ለዱሬቲ ነው እንጂ።» ግራ ቀኙን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዲያውም እግዜር ነው ያገናኘን። እርስዎ ስላስተማሯት ትሰማዎታለች። እባክዎ ቤት ይምጡና ይምከሩልኝ፤ አልሄድም ብላለች።»

«የት ነው የማትሄደው?»

«ዶሃ ነዋ! ቀርቻለሁ፣ ይመርቁኝ ትለኛለች። ይህንንስ በቁሜ አልመርቅም! ካልመረቁኝ ደግሞ እሄዳለሁ፣ ያለ አባቴ ምርቃት እዚህ ሥራ አልጀምርም ብላ አፏን ሞልታ ነግራኛለች። እንግዲያው ትሂድ ብዬ ቲኬት ልጠይቅ መጣሁ፤ ወዳ እንድትሄድ ግን የሚመክራት ያስፈልጋል።»

አንባቢዬ ነገሩን ከሥሩ እንዲረዳልኝ ትንሽ ልበል። ዱሬቲ ጎበዝ ተማሪዬ ነበረች። በዕጽዋት ሳይንስ ተመርቃ ሥራ ስታጣ ዶሃ ሄዳ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆነች። ከስድስት ዓመት በኋላ መጣች፤ ለሰፈሩ ሁሉ «ፈቃድ ላይ ነች» ተባለ። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለትም አለፈ፣ ይኸው አራተኛው ነው። በዚህ መሃል ሁለት ጊዜ ሸኝተናታል! ሁለቱንም ጊዜ ዳቦ ተቆርሶ፣ ጠላ ተቀድቶ፣ «በሰላም ግቢ» ብለን ስናበቃ በማግስቱ «በረራው ተላልፏል» ተባልን። እኔ ሞኙ አየር መንገዱን ስረግም ከርሜያለሁ።

ቤታቸው ስንገባ ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመዋል፤ ቤቱም ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ዱሬቲ ከጓዳ ወጥታ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። ጠቁራለች፣ መዳፏም ሻክሯል።

«በይ፣ ለእኔ ያልሽውን ለመምህርሽ ድገሚላቸው» አሉ አባቷ ገና ሳይቀመጡ።

«እደግማለሁ አባዬ። ግን መጀመሪያ የሻንጣውን ነገር ይንገሯቸው።»

«የሻንጣው ነገር እዚህ ምን አመጣው?»

ዱሬቲ አንዱን ሻንጣ ከፈተችው። ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ! በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ የቋንጣ ከረጢት። በየከረጢቱ ላይ በእስክሪብቶ «ለሰይፈሚካኤል»፣ «ለሉብና»፣ «ለተክለሃይማኖት» ተብሎ ተጽፏል። ቅቤው በአዳማ ሙቀት ቀልጦ ድርቆሹን አርሶታል። ጎረቤት ሁሉ ዶሃ ላለው ልጁ አድርሺልኝ ብሎ የሰጠው ነው።

«ኦቦ ጀቤሳ! ይህ እኮ አደራ መብላት ነው!» አልኩ፤ ድምፄም ሳላስበው ከፍ አለ።

«የምን መብላት፣ አስቀመጥኩ እንጂ!» አሉ ተቆጥተው። «ምን ላድርግ? አልቀበልም ብል ለምን ይሉኛል። ለምን ሲሉኝ አትሄድም ልል ነው። አትሄድም ስል ደግሞ ተባርራ ነው ይባላል።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ አባቶቻችን። የኦቦ ጀቤሳ ውሸት ግን በስንቅ ላይ ስንቅ እየተጫነበት ከብዶ ሳሎናቸውን ዘጋው። እኚህ ሽማግሌ በሕይወታቸው የሰው ሳንቲም ነክተው አያውቁም፤ ይሉኝታ ግን የጎረቤት ቅቤ አስቀለጣቸው።

«መምህር፣ ልጄን ጠልቼ አይምሰልዎ» አሉ ቁጣቸው ሲበርድ። «የሰንበታን ልጅ ኦሊቃን ያስታውሱታል። ከሳዑዲ ቀረሁ ብሎ መጣ። በመጣበት ሳምንት በሬ ጣለ፣ ዘመዱን ጠራ። ባጃጅ ገዛ። ዓመት ሳይሞላው ባጃጁን ሸጦ ተመልሶ ሄደ፤ ያውም በበረሃ። ይህን ያየ አባት ልጁን ቅሪ ይላል?»

እውነቱን ለመናገር ይህ የዋዛ ክርክር አይደለም። ወደ ዱሬቲ ዞርኩ።

«አባዬ፣ ኦሊቃን የጣለው መመለሱ ነው ወይስ በሬው?» አለች በትሕትና። «ሀብታም መጣ ይባልልኝ ብሎ ያለውን በድግስ ጨረሰ። ባጃጁንም የገዛው ሙያው ሆኖ ሳይሆን ጎረቤቱ ስለገዛ ነው። አንድ ወር እንኳ የሰው ባጃጅ ነድቶ ሥራውን አላየውም። እኔ ግን ቀርቻለሁ ከማለቴ በፊት ሥራውን ሞክሬዋለሁ።»

«ምን ሞከርሽ?» አልኳት።

«ሀኒያ የምትባል አብራኝ የተማረች ልጅ መልካሳ መንገድ ላይ ችግኝ ታፈላለች። በየጠዋቱ ነጠላ ተከናንቤ የምሄደው እሷ ጋ ነው። ገበሬው የቲማቲምና የሽንኩርት ዘሩን ሜዳ ላይ ሲያፈላ ግማሹን ፀሐይ፣ ግማሹን ተባይ ይጨርስበታል። እኛ ከጥላ መረብ ሥር አፍልተን ጠንካራውን እንሰጠዋለን። አልዋሽዎትም መምህር፣ የመጀመሪያውን ዙር ውሃ አብዝቼበት ሥሩ በሰበሰብኝ፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሁለተኛውን ግን ከአቦምሳ ድረስ መጥተው ወሰዱት።»

«ዲግሪ ይዞ፣ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ጭቃ ማቡካት!» አሉ ኦቦ ጀቤሳ አማትበው።

«እኔን ያስተማሩኝስ በጭቃው አይደል?»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «ልጄ፣ ለመሆኑ እዚያ ምን በደል አገኘሽ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«በደልስ የለም። ያበላኝን ሀገር አላማም። ደመወዜ ቀኑን ጠብቆ ይገባ ነበር፤ ሰዓት ማክበርንም የተማርኩት እዚያ ነው። ግን ኑሮዬን ልንገርዎት። ከማቀዝቀዣ ክፍል ተነስቼ በማቀዝቀዣ አውቶቡስ ማቀዝቀዣ አዳራሽ እገባለሁ። ቀኑን ሙሉ ለመጣው ሁሉ እንኳን ደህና መጡ እላለሁ። ማታ እግሬ አብጦ ስመለስ የክፍል ጓደኞቼ ወይ ተኝተዋል ወይ ሥራ ገብተዋል። ዓርብ ልብሴን አጥቤ፣ ሩዝ ቀቅዬ ወደ ቤት እደውላለሁ።»

«እኛ እንኳ ስትደውይ ከኋላሽ ያን የመሰለ አበባ ሲታየን...» አሉ አባቷ።

«አበባው የሆቴሉ ነው አባዬ። ቤቴን አንድም ቀን አሳይቻችሁ አላውቅም። አራት ሆነን በአንድ ክፍል ነው የምንኖረው፤ የእኔ ድርሻ ከመጋረጃ ጀርባ ያለችው አልጋ ናት። እዚያ እኔ ዋሸኋችሁ፣ እዚህ እናንተ ጎረቤቱን ዋሻችሁ። ለእኔው ውሸት ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ወደ አባቷ ጠጋ ብላ ቀጠለች። «ውል እናድስልሽ ሲሉኝ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። በሚመጡት ሁለት ዓመታት የማደርገው፣ ባለፉት ያላደረግኩት ምን አለ? ብዬ። ምንም አጣሁ። እማዬን የቀበርኳት በስልክ ነው አባዬ። እርስዎንም በስልክ መቅበር አልፈልግም።»

ኦቦ ጀቤሳ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ልባቸው እንደራራ አየሁ። ግን ይሉኝታ ክፉ ነው፣ ልብ ሲሸነፍም እሱ አይሸነፍም።

«ልጄ፣ እኔስ እሺ እላለሁ። ሰው ምን ይላል?» አሉ።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ በሩ ተንኳኳ፤ በርበሬ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ወይዘሮ አበዛሽ ገቡ። የተከፈተውን ሻንጣ አይተው «እሰይ፣ ልትሄጅ ነው ማለት ነው? እኔማ ልጄ ሰይፈሚካኤል ስንቁ ቀረብኝ ስላለኝ ሌላ መንገደኛ ልፈልግ ብዬ ዕቃዬን ልወስድ ነበር» አሉ።

«ነገ... ነገ ወዲያ...» ብለው ጀመሩ ኦቦ ጀቤሳ።

«እትዬ አበዛሽ፣ አልሄድም» አለች ዱሬቲ። «ፈቃድ ላይ ነች የተባለውም ውሸት ነው። ወድጄ ቀርቻለሁ፤ የእርስዎን ስንቅ ግን ሳንነግርዎ አቆይተን አበላሸንብዎ። ይቅር ይበሉን።»

እኔ ስድብ፣ ኦቦ ጀቤሳ ደግሞ ሳቅ ጠበቅን። ወይዘሮ አበዛሽ ግን አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡና ማልቀስ ጀመሩ።

«ምነው? ለበርበሬ ነው?» አልኳቸው።

«በርበሬው ገደል ይግባ! ሰይፈ ዓመት ሙሉ፣ እማ ልምጣ፣ በቃኝ፣ እያለ ይለምነኛል። እኔ ክፉዋ፣ ጠንክር፣ የጀቤሳን ልጅ አታይም ወይ፣ መጥታ እንኳ ልትመለስ ነው፣ እለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ስደውል አላነሳም። ከዚያ ወዲህ ቢያነሳም ልምጣ ማለቱን ተወ፣ ድምፁም የሰው ድምፅ አልመስል አለኝ።»

ኦቦ ጀቤሳ የሻንጣውን ክዳን ዘጉት። የእሳቸው ውሸት ከሳሎናቸው አልፎ የጎረቤት ልጅ መንገድ መዝጋቱን ያን ጊዜ ተረዱት። ሰው ምን ይላል ብለው ሲፈሩት የኖሩት ሰው ይኸው አጠገባቸው ተቀምጦ ያለቅሳል፤ እሱም የሚፈራው እሳቸውን ኖሯል።

ተነሱ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ «ነይ ልጄ» አሉ። ዱሬቲ ተንበረከከች።

«እጅሽ የነካው ይለምልም። የዘራሽው ይብቀል፣ ያፈላሽው ይጽደቅ። በሀገርሽ ክበሪ፣ በወገንሽ መሃል አርጂ። ለመሄድሽ መርቄሽ ነበር፤ ለመቅረትሽ ደግሞ አብልጬ መርቄሻለሁ።»

«አሜን!» አልን እኔና ወይዘሮ አበዛሽ።

እዚህ ላይ የመምህርነት አመሌ አልለቅ ብሎኝ አንድ ነገር ልናገር። እኛ ለሚሄደው ዳቦ እንቆርሳለን፣ ለሚመለሰው ግን በር እንዘጋለን። የወጣው ሁሉ ይመለስ አልልም፤ ያዋጣው ይኑር፣ እግዜር ይባርከው። ነገር ግን መመለስ ነውር መሆኑ ቢቀር ልጅ ለአባቱ፣ አባት ለልጁ እውነቱን ይናገራል። የሚመለሰውም ለስሙ በሬ ከመጣል ይድናል፤ ሥራውን አስቀድሞ በትንሹ ሞክሮ፣ ውሃ አብዝቶበት ከሆነም ቀንሶ ይጀምራል። እዚያ የተማረው ሰዓት አክባሪነት ለመልካሳ ገበሬም ይተርፋል። እናትም በስልክ አትቀበርም። ኦቦ ጀቤሳ ይህን ስላቸው «ይህንን በእድሩ ስብሰባ ላይ ራሴ እናገረዋለሁ» አሉ፤ በእሑዱ ስብሰባ ተነስተው «ልጄ ፈቃድ ላይ አይደለችም፣ ቀርታለች፤ ዕቃችሁንም መጥታችሁ ውሰዱ፣ የተበላሸውን እተካለሁ» ብለው ተናገሩ። ማንም አልሳቀም።

ያን ዕለት ግን ከሁሉ በፊት ያደረጉት ሌላ ነው። «ደውዪለት» አሏቸው ወይዘሮ አበዛሽን። በኢሞ ተደወለ። ብዙ ጠራ። በመጨረሻ አንድ ጉስቁል ያለ ወጣት ፊት ታየ፤ ከኋላው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ኦቦ ጀቤሳ ስልኩን ተቀብለው «ሰይፈ፣ ጀቤሳ ነኝ። ስንቅህን ያስቀረሁብህ እኔ ነኝ። ዱሬቲ ቀርታለች። ማንም አላባረራት፣ ወዳ ነው። እኔም መርቄያታለሁ» አሉት።

ልጁ ወደ ስልኩ ተጠጋ። ከዚያ «እማዬ አለች?» ብሎ ጠየቀ።

ወይዘሮ አበዛሽ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ና ልጄ። ባዶ እጅህንም ቢሆን ና። ብቻ በቀን ግባ፣ ሰው ሁሉ ይይህ።»